ለአንድ ወቅትም ቢሆን ቤት ነው

በሰሜን ስዊድን፣ ዩካስያርቪ በምትባል መንደር፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየብርዱ ወቅት ከበረዶ ሆቴል ይሠራል። የቶርነ ወንዝ በረዶ ተቆርጦ ይከማቻል፤ ብርዱ ሲመለስ ግድግዳና አልጋ ይሆናል፤ ጸደይ ሲመጣ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የክፍሎቹ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም እንግዳው የአጋዘን ቆዳ ተነጥፎለት፣ ብርድ በማያስገባ የመኝታ ከረጢት ውስጥ በሰላም ያድራል። የቤቱ ዕድሜ ጥቂት ወራት መሆኑ ሠሪዎቹን ስለሚያድርበት ሰው ደኅንነት ከመጨነቅ አላገዳቸውም።

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ፣ ድንበሩን ተሻግሮም በኢትዮጵያ በመተማና በሁመራ፣ የሚሠራው ግን በተቃራኒው አስተሳሰብ ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትራክተር መታረስ የጀመረው የገዳሪፍ ሜዳ፣ እንደ መተማና ሁመራ ሁሉ፣ አረሙና አጨዳው ሲደርስ የወቅት ሠራተኛ ይጠብቃል። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋልና ያለ እነዚህ እጆች ምርት የለም። ሆኖም ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያድረው ሜዳ ላይ ወይም ግራር ሥር ነው። ካላ አዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትራባው እዚያው፣ በተሰነጠቀ ዋልካና በግራር ዙሪያ ነው፤ የምትነክሰውም በሌሊት። በሽታው ካልታከመ ይገድላል፤ ከደጋ የመጣ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያዳበረው የመከላከል አቅም የለውም።

ባለእርሻዎች «ለጥቂት ሳምንት ቆይታ ቤት መሥራት ኪሳራ ነው» ይላሉ። ግን የምጠይቀው ድንጋይና ሲሚንቶ አይደለም፤ ከግራሩ ራቅ ያለ ደረቅ ቦታ፣ የሣር ክዳን፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ንጹሕ ውኃ ነው። ሣሩም እንጨቱም ከአካባቢው አይጠፋም፤ አጎበሩ ለከርሞም ያገለግላል። «ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሱዳን በጦርነት ላይ ናት፤ ገዳሪፍም በተፈናቃይ ተጨናንቃለች» የሚለው መከራከሪያ ከበድ ያለ ነው። ቢሆንም ጦርነት ባለበትም የታረሰ መሬት ሠራተኛ መጥራቱ አይቀርም፤ ሕክምናው በራቀ ቁጥር ደግሞ መከላከሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያሉ አስተዳደሮች፣ ለትራክተርና ለዘር በጀት የሚይዝ ባለእርሻ ለሠራተኛው ማደሪያም እንዲይዝ ማስገደድ አለባቸው። ሰሊጡ ከመድረሱ በፊት ማደሪያው ይድረስ።