ፒያሳ ብቻ ነው እንዴ ጎንደር?

ባለፈው ስብሰባችን ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ የት እንደር በሚለው ላይ ብዙ ተባለ። አንዱ ወንድማችን ተነሥቶ «ከፒያሳ ውጭ ማደር እኮ ጎንደርን አለማየት ነው» ቢል አዳራሹ አጨበጨበለት። አዘዞ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ሳቅ ሆነ። «እዚያማ የሚያድረው ቆለኛ ነው» ተባለ። በቃል ያልተመለሰው በጽሑፍ ይመለስ፤ የመተማ ልጅ ነኝና ነገሩ ይመለከተኛል።

ለመሆኑ ፒያሳን የጎንደር እምብርት ያደረገው ማነው? አፄ ፋሲል እንዳልሆኑ ስሙ ራሱ ይናገራል። ጣሊያን ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ከተማይቱን ይዞ ሲቆይ ለራሱ ሰው የሚስማማውን ሰፈር ከአገሬው ለይቶ ሠራ። እኛም ወራሪው የመረጠልንን መሐል ይዘን ሌላውን «ዳር» እንላለን። ዳር ማበጀት በርግጥ ከጣሊያንም በፊት ነበረ። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. የተቀመጠው ጉባኤ እስላሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወሰነ፤ አዲስ ዓለም የእስላሙ ሰፈር ሆኖ የኖረው በዚሁ ነው። ታዲያ መተማ ድረስ ወርዶ ከሱዳን ጋር ይነግድ የነበረው፣ ቡናውንና ዝባዱን፣ ለመናገር ቢያሳፍርም ባሪያውንም ሳይቀር ያሻግር የነበረው ማን ሆነና? ይኸው ዳር ስፈር የተባለው ነጋዴ ነው እንጂ! ቤተ መንግሥቱ ገበያውን የሚያገኘው በሱ እግር ነበር።

ወደ አዘዞ እንመለስ። ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን እዚያ ሲያሠሩ የፋሲል ግንብ ገና አልተጀመረም። ከባሕር ዳር ስንመጣ ቀድመን የምናገኘው አዘዞን ነው፤ የመተማው መንገድም የሚገነጠለው እዚያው ነው። በጥር ማለዳ መገንጠያው ላይ የቆመ ሰው ምዕራብ ጎንደር በፊቱ ሲያልፍ ያያል። ሰሊጥ የጫነው መኪና፣ ጥጥ ለቅሞ የሚመለሰው ሳሉግ፣ ሆዱ አብጦ ሰውነቱ የመነመነ ጎረምሳ ወደ ሆስፒታል የሚወስዱ ዘመዶች። ያ ሕመም ብዙ ጊዜ ካላዛር ነው። የአሸዋ ዝንቧ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ትኖራለች፤ ሳሉጉም ማደሪያው ግራር ሥር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ በሽታው ሲነሣ ከቆላ ሥራ የተመለሱ ሰዎች ሳያመጡት አልቀሩም ተብሏል። እንግዲህ «የት እንደር» የሚለው ጥያቄ አልጋ ለማማረጥ ብቻ የሚጠየቅ የሚመስለው ካለ፣ አንድ ማለዳ እዚያ ይቁምና ይይ።

መተማ ዮሐንስ የወረዱ አንዳንድ ጓደኞቻችንም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከድልድዩ አጠገብ አደሩ፣ መጠጥ ቤቱንና የመኪናውን ሰልፍ አዩ፣ ተመልሰው «መተማ» የሚል ግጥም አነበቡልን። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 የወደቁባት አገር መሆኗን እንኳ ከስሟ ባሻገር አልጠየቁም። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ያንኑ ድልድይ ተሻግረው ኩመርና አውላላ ተጠልለው የነበሩትን ስደተኞች ጉዳይማ ማን ያነሣል! ኮኪት ወይም ገንዳ ውኃ ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ኖሮ ግጥሙ ሌላ ይሆን ነበር፤ ቢያንስ ሰሊጥ ይገባበት ነበር።

ከፒያሳ እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማታ መመለሻ ይቸግራል የሚለውን አልክድም። ሐምሌ 2015 በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በምሽት መንቀሳቀስ ያስፈራል። ጊዜ ሳይመሽ መግባት ነዋ! የጥምቀት ዋዜማ ለሊቱን ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ስለሚታደር፣ ያን ቀን የፒያሳ አልጋ ለማን ነው የሚከራየው? ዋጋው ደግሞ በበዓል ሰሞን እንዴት እንደሚሰቀል ገንዘብ ያዣችን ያውቃሉ።

ኮሚቴው ይህን ዐይቶ ይወስን። ያ ወንድማችን እምቢ ካለም ግድ የለም፣ ለብቻው ፒያሳ ይደር፤ ጧት ጧት በሚኒባስ እየመጣን እንጠይቀዋለን።