መልስ ያገኘ ሰው ዕዳ አለበት

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ደጃዝማችነት የሚሾም ባይኖርም፥ ባለመጠየቅ የሚቀር ነገር ግን አሁንም ብዙ ነው። በሰፈራችን በአየር ጤና፥ ቤተ ሰቡ ከስንት ወር ቁጠባ በኋላ የገዛው ላፕቶፕ አንዲት ትንሽ ጥያቄ የሚመልስለት ሰው አጥቶ ከቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን፥ ሊነክስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚረዳዱበት ልማድና እኛ ተማሪዎች በዚህ ልማድ ላይ ስላጐደልነው ነገር ያለኝን አሳብ ለመግለጥ ተነሥቻለሁ።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቁት ወላጆች ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ዕቃው ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ፊደሉን በመስታወቱ ላይ የሚያወጣ፥ ፋይሉን የሚያስቀምጥና ፕሪንተሩን የሚያዝ ዋና ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ማይክሮሶፍት የሚሸጠውን ዊንዶውስን ነው። ሊነክስም ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል፤ ልዩነቱ ግን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው፥ ውስጡን መርምሮ ሊያሻሽለውና ገልብጦ ለጓደኛው ሊሰጠው የተፈቀደ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሊነክስን በፍላሽ ገልብጦ ለሌላ ማካፈል እንደ ስርቆት አይቈጠርም፤ ቁልፉን ሰብሮ የሚሸጥ ሶፍትዌር ከመጫን ግን እጅግ የራቀ ንጹሕ ሥራ ነው።

የዚህ ነገር አጀማመር ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፥ በአገራችን ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው፥ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት፥ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ሚኒክስ በሚባል ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች መልእክት ጻፈ። ለራሱ ደስታ ያህል አንድ ሶፍትዌር እየሠራ መሆኑን፥ ትልቅ ነገር ይወጣዋል ብሎም እንደማያስብ ገልጦ፥ ምን ምን ቢኖረው እንደሚወዱ ጠየቃቸው። ልብ በሉ፤ ነገሩን የጀመረው ሰው ራሱ ጠያቂ ነበረ። ያም ከእኛ በሦስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ተማሪ የጀመረው ሥራ፥ አያሌ ሰዎች እየጨመሩበት፥ ዛሬ በዓለም ፈጣን ተብለው በተመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ይሠራል፤ በኪሳችን በያዝነው የአንድሮይድ ስልክ ውስጥም ዋናው ሞተር እርሱ ነው።

ሊነክስን ያለ ክፍያ ያገኘ ሰው ሲቸገር ሄዶ የሚከራከረው ሻጭ የለውም። ፕሪንተሩ እምቢ ያለው፥ ድምፁ የጠፋበት፥ ፍላሹ አልከፈት ያለው ሰው የሚጠይቀው ያው እንደ እርሱ ተጠቃሚ የሆነውን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የገጠሩ ወገናችን ወንፈል የሚለው ነው። ዛሬ በእኔ ማሳ ላይ አጭደህልኛልና ነገ እኔ በአንተ ማሳ ላይ እገኛለሁ፤ ያልተገኘሁ እንደ ሆነ ግን በከርሞ አዝመራ ብቻዬን እቀራለሁ። በወንፈል የተረዳ ሰው አመሰግናለሁ ብሎ የሚለያይ አይደለም፤ ባለዕዳ ነው። እኔም የምናገረው ስለዚህ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ካልከፈሉት ሰዎች አንዱ ራሴ ስለ ነበርሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከአጎቴ በተሰጠኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊነክስ ጫንሁ። ማሽኑ ቀድሞ ለመነሣት አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅበት የነበረው አሁን ወዲያው የሚነሣ ሆነ፤ እኔም በጓደኞቼ ፊት ብዙ ተመጻደቅሁ። ነገር ግን ዋይፋዩ ጠፋ። ያን ያህል ከፎከርሁ በኋላ «አቃተኝ» ማለት ሞት መሰለኝና ማንንም ሳልጠይቅ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ባለሙያው በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስ ጭኖ መለሰልኝ። እናቴ የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ናት፤ የስምንት ወር መዋጮ መዝገብ የነበረው በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ፋይል አለበት ብዬ አልነገርሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። እናቴ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች ደረሰኝ ስትለቅም እኔ ደብተር ይዤ ተከተልኋት። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከቍጣ የባሰ ነበረ።

ከዚያ በኋላ አፍሬም ቢሆን በትምህርት ቤታችን 12ኛ ክፍል የነበረውን አንድ ወንድማችንን ጠየቅሁት። እርሱም መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠየቀኝ። «ላፕቶፑ ምን ዓይነት ነው? የጫንኸው ሊነክስ የትኛው ነው? ምን ስታደርግ ጠፋ? ማሽኑስ ምን ብሎ ጻፈልህ?» አለኝ። እንደገና ጫንነውና ተመለከተ። የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨሩ አብሮት የማይመጣ ዓይነት ኖሯል፤ ድራይቨሩ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋዩ መሥራት አለበት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ ቈለፈ ሰው ማለት ነው። እርሱ ግን ስልኩን በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የስልኩን ኢንተርኔት በገመዱ አሳለፈው፤ ድራይቨሩም ወረደ። ሁሉ ነገር ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም። ሳንቲም አልጠየቀኝም።

እኔስ ምን አደረግሁ? በሚቀጥለው ዓመት አንዲት የ10ኛ ክፍል እኅታችን ያንኑ ችግር ይዛ መጣች። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሬ፥ እርሷ እንዳታይ ጀርባዬን ሰጥቼ ሠራሁትና 150 ብር ተቀበልኋት። ከጥቂት ወር በኋላ ሊነክሱ ሲታደስ ዋይፋዩ ተመልሶ ጠፋባት። ሁለተኛ የምትከፍለው ስላልነበራት ወደ እኔ አልመጣችም፤ ላፕቶፑን ዘግታ የፈተናውን ሰሞን አሳለፈች። ይህን የሰማሁት ከወንድሟ ነው። ያንን ብር ብመልስላትም ያለፈውን የጥናት ጊዜ ልመልስላት አልችልም።

በአገራችን ባለመድኃኒቱ የሥሩን ስም ለልጁ እንኳ ሳይነግር ይሞታል እየተባለ ዘወትር ይወቀሳል። ስንት በሽታ የሚፈውስ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ተቀብሯል። እኛም በታሪክ ክፍለ ጊዜ ይህንን እያነሣን ያለፉትን ሰዎች እንነቅፋለን። ይሁን እንጂ በላፕቶፕ ላይ ጀርባውን የሚሰጥ የዛሬ ተማሪ ከዚያ ባለመድኃኒት በምን ይሻላል? እኔ በምንም አይሻልም እላለሁ። እንዲያውም የባለመድኃኒቱ ዕውቀት ከአባቱ የወረሰው ሲሆን፥ የእኛው በነጻ የተሰጠን ስለ ሆነ ጥፋታችን ይከፋል።

ዕውቀቱን ያልደበቁትን ሰዎች ፍሬ ግን በየቀኑ እንበላለን። የግእዝ ፊደል ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚግባቡበት በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ ሴራ የሚባለውን ሥርዐት አዘጋጅተው ለሕዝብ ለቀቁት። ዛሬ በሊነክስ ላይ አማርኛ ስንጽፍ ከምንመርጣቸው የአጻጻፍ ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። እነርሱ ዘዴውን በሣጥን ቈልፈውበት ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ዘዴ በመረጥን ቍጥር እጃችን ባዶ በቀረ ነበር።

ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፥ ከአየር ጤና ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወሊሶ ደርሶ ወደ ሰሜን የታጠፈ ሰው ወንጪን ያገኛል። በወንጪና በወለንጪቲ አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት አስተማሪ ሳይመድብ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደ ተናገሩት፥ ሕፃናቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እስከ መክፈት ደርሰዋል። ታብሌቶቹ የሚሠሩት በአንድሮይድ፥ ማለትም በሊነክስ ሞተር ነበረ። ከጐናቸው የተቀመጠ አስተማሪ አልነበረም፤ የነበረው የጓደኛ ዓይንና የጓደኛ ጣት ብቻ ነው። ጀርባውን የሚሰጥ ልጅ ቢበዛ ኖሮ ይህ የሚሆን አይመስለኝም።

ነገሩ ዛሬ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አያሌ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን መመዘኛ አያሟሉም። በሌላ በኩል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአያሌ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እንግዲህ ቁልፉን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከፈተናው በፊት በመሣሪያው ሊፈራ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤት አሮጌውን በሊነክስ ማስነሣት ጥሩ መንገድ ነው፤ መንገዱ ግን ያለ መሪ ያስቸግራል።

የሚቃወሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዱ፥ የጥገና ቤቱ ሰው እንጀራ ሊቀር ነው ይላል። እኔ ግን የተሰበረ መስታወት የሚቀይር፥ የተቃጠለ ቦርድ የሚበይድ እጅ ምን ጊዜም ዋጋ አለው እላለሁ፤ ክፍያም ይገባዋል። እኔን ያሳፈረኝ መክፈሏ ሳይሆን ማየት መከልከሏ ነው። ሌላው ደግሞ ሊነክስ ሁሉን አይችልም ይላል፤ ይህም እውነት ነው። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ የሒሳብና የሥዕል ሶፍትዌሮች አይሠሩበትም፤ በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፈ ወረቀትም አንዳንድ ጊዜ ቅርጹ ይለወጣል። ይህን ደብቀን ሰው ብናስገባ አታላዮች እንሆናለን። ሦስተኛው፥ መልሱ ሁሉ በኢንተርኔት አለ ይላል። አዎን፥ በእንግሊዝኛ አለ። ነገር ግን የ9ኛ ክፍሉ ታናሻችን በዚያ ቋንቋ ችግሩን ለመግለጥ ቃል ያጥረዋል፤ ዳታ ገዝቶ ለመፈለግም ከምሳው መቀነስ አለበት።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተር ይቀመጥ። መልስ ያገኘ ተማሪ ሁሉ አራት ነገር በአማርኛ ይጻፍበት፤ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩና ሊነክሱ ምን ዓይነት እንደ ሆኑ፥ ሁለተኛ ምን እንደ ተበላሸና ማሽኑ ምን ብሎ እንደ ጻፈ፥ ሦስተኛ ምን ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ፥ አራተኛ በምን እንደ ዳነ። የማይሠራውን መጻፍ ከሚሠራው ያላነሰ ይጠቅማል፤ ተከታዩን ከከንቱ ድካም ያድነዋልና። ጻፊው መልሱን የሰጠው ሳይሆን የተቀበለው ይሁን፤ በገዛ ቃሉ ሲጽፈው ገብቶት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይታወቃል።

ከመምህራን የምንለምነው ደብተሩ የሚቀመጥበትን ቦታና፥ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ክፍሉ ክፍት ሆኖ እንዲቈይልን ነው። ከወላጆች የምንለምነው ደግሞ ልጃቸው «አላውቅም፥ ልጠይቅ» ሲል እንዳይነቅፉት ነው። ታናናሾቻችን ግን ይህን ይስሙኝ፤ ጠይቆ ለአንድ ቀን ማፈር ይሻላል። እኔ ያን ዕለት አፍሬ ባለመጠየቄ እናቴ ሁለት ቅዳሜ ዞራለች።

ደብተሩን ገዝቼ የመጀመሪያውን ገጽ ጽፌዋለሁ። በላዩ ያለው ያ የዋይፋይ ነገር ነው፤ የስልኩ ገመድ እንዴት እንደሚሰካ በሥዕል አሳይቻለሁ። ሁለተኛውን ገጽ የጻፈችው ያችው እኅታችን ናት፤ አማርኛ መጻፊያውን በሊነክስ ላይ እንዴት እንዳስገባች በእኔ ዘንድ ያልነበረ ዕውቀት ጽፋበታለች። እኔም ከእርሷ ገጽ ተማርሁ። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ እወጣለሁ፤ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለው ባዶ ስለ ሆነ የእናንተ ነው።