ሳይጠርጉ ቄጠማ

እንግዳ የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ቤቱን ይጠርጋል፤ ቄጠማውን የሚጎዘጉዘው ከዚያ በኋላ ነው። ቆሻሻው ሳይወጣ ቄጠማ ቢጎዘጎዝበት ለጊዜው ለምለም መስሎ ይታይ ይሆናል እንጂ ቤቱ ጸዳ አይባልም። ይህን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አውቶሞቢል የያዝን ወጣቶች ይህንኑ ቀላል ሥርዓት በአውቶሞቢላችን ላይ ስናፈርሰው እንታያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየመለዋወጫ መደብሩ በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ረጭተው ሲወለውሉት ቀለሙን ወዲያው የሚያወዛ ፈሳሽ አለ። ወጣቱ ሠራተኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ከዚህ ፈሳሽ ረጨት ረጨት አድርጎ፣ እጁ የገባለትን ጨርቅ አንሥቶ ጠረግ ጠረግ ካደረገ በኋላ ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ጥቁር አውቶሞቢሉን ለአንድ ወዳጄ ሠርግ አዋሰኝ። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ሲሆን መኪናይቱን የገዛት ብዙ ዓመት ቆጥቦ ነው። በሠርጉ ዕለት ማልጄ ብወጣ፣ በሰፈራችን ከሚቆፈረው መንገድ የተነሣ አቧራ አልብሷት አገኘኋት። ውሃም በዚያ ቀን አልነበረም። ስለዚህ ከጠርሙሱ ረጭቼ በአሮጌ ካናቴራ ዙሪያዋን ወለወልኋት፤ እንደ መስተዋትም አበራች። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ፣ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ እየሠራ የሚሄድ ጭረት ከዳር እስከ ዳር ታየ። መኪናይቱን ስመልስለት አጎቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከተመለከታት በኋላ «ልጄ፣ ሊስትሮ እንኳ የጫማዬን አቧራ ሳያራግፍ ቀለም አይቀባም» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ለማወቅ ሞከርሁ። የዘመኑ አውቶሞቢል በቀለሙ ላይ ቀለም የሌለው ጥርት ያለ መከላከያ አለው። ውፍረቱ በብዙዎቹ መኪናዎች ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ ይኸውም ቢበዛ የአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ መሆኑ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ነው፤ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ፣ መስተዋትን እንኳ የሚጭር ነው። እንግዲህ መስተዋት የሚጭረውን ነገር በጨርቅ ይዘን በዚያ ስስ መከላከያ ላይ ስናሽከረክረው ምን እንደሚሆን ማንም ሊገምተው ይችላል። ጭረቱን በማሽን ማጥፋት ይቻላል፤ ማሽኑ የሚያጠፋው ግን መከላከያውን እየፋቀ ስለሆነ የተፋቀው ተመልሶ አይመጣም።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ፈሳሹ ገንዘብ ማባከኛ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በደንብ የተሠራው ፈሳሽ ጨርቁ በቀለሙ ላይ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ማለስለሻ፣ ቆሻሻን የሚያላቅቅ ቅመምና ወዝ የሚሰጥ ሰም ወይም ሲሊኮን የመሰለ ነገር አለበት። ከታጠበ ወዲህ ጥቂት ብናኝ ለያዘው፣ የጣት አሻራ ላረፈበት፣ ወፍ ለጣለበት መኪና ጥሩ አገልጋይ ነው። በተለይ የወፍ ኩስ ፀሐይ ላይ ከቆየ ቀለሙን ስለሚበላ፣ ፈሳሹን በብዛት ረጭቶ እስኪርስ ከጠበቁ በኋላ ሳያሹ ማንሣት ይገባል። ጥፋቱ የፈሳሹ ሳይሆን የእጥበትን ሥራ እንዲሠራልን የምናዘው የእኛ ነው።

ገዢውም በሽታው ወይም በጠርሙሱ ቀለም ሳይማረክ ጽሑፉን ያንብብ። አንዱ ለታጠበ መኪና ወዝ ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ሰም ያለበትና ለሳምንታት የሚቆይ ነው፤ ሦስተኛው ያለ ውሃ ለማጠብ ተብሎ የተሠራና ማለስለሻው የበዛ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሦስተኛውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ እርሱም ቢሆን ለቀላል አቧራ እንጂ ለጭቃ አይሆንም።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። መኪናይቱ በጥላ ሥር ትቁም፤ ብረቱም ይቀዝቅዝ። በአንድ ጊዜ አንድ በር ወይም የኮፈኑን ግማሽ ብቻ መርጨት ይበቃል። ጨርቁ ማይክሮፋይበር የሚባለው ይሁን፤ በአራት ቢታጠፍ ስምንት ንጹሕ ፊት ይሰጣል። ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ጠርጎ፣ የቆሸሸውን ፊት እየለወጡ፣ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ መጨረስ ነው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ አይመለስ። የፍሬን ዲስክ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይደርስ፤ ፍሬን የሚይዘው በመፋተግ ነውና የሚያንሸራትት ነገር አደጋ ያመጣል።

አሁን ደግሞ ስለ መኪና አጣቢዎቹ ልጆች ጥቂት ልናገር። ቀለማችን በተጫረ ቁጥር የምንወቅሰው እነርሱን ነው። ነገር ግን ሰዓት እያየን «ቶሎ በል!» የምንለው፣ በአንድ ባልዲ ውሃ ሦስት መኪና እንዲያጥብ የምናስገድደው፣ ከሒሳቡም ላይ የምንከራከረው ማን ነው? ለጠርሙሱ ከምንከፍለው ከፍለን ሁለተኛ ባልዲና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ብንገዛለት፣ አንዱን ባልዲ ለሳሙናው፣ ሌላውን ስፖንጁን ለማለቅለቂያ ያደርገው ነበር። የመኪናችን ወዝ በዚያ ልጅ እጅ ላይ መሆኑን ካወቅን እጁን ማክበር ይገባናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ በተነገረ ጊዜ፣ ብዙ ሰው በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና በሌላ ዐይን መመልከት ጀምሯል። ያለችንን ማቆየት ከፈለግን ትዕግሥት መማር አለብን።

የቸኮለ ወዝ አመል ይሆናል ብዬም እፈራለሁ። መኪናውን ሳያጥብ የሚያወዛ ሰው ነገ መዝገቡን ሳይመረምር ሪፖርቱን ማሳመሩ አይቀርም። እኔ የአጎቴን ኮፈን አሠርቼ መልሻለሁ፤ የደመወዜንም እኩሌታ ከፍዬበታለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤቱ ሄጄ መኪናይቱን በሁለት ባልዲ አጥባለሁ፤ ጠርሙሱን የማነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ያየኛል፤ እስካሁን አንድም ቃል አልተናገረም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ስጨርስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።