ዋጋው ስንት ነው ከማለት በፊት ስንት ተሸጠ ማለት

በፋሲካ ዋዜማ በሾላ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በሥራው የቈየ ባለ ሱቅ የሚመለከተው ዋጋውን ብቻ አይደለም። ከጭነት መኪና ከወረደው ጆንያ ስንቱ እንደ ተነሣ፣ ስንቱም ባለበት እንደ ቀረ ያስተውላል። ዋጋው ከፍ ብሎ ጆንያው ካልተነሣ ገዢው ደክሟልና፣ ከቀትር በኋላ ሻጩ ራሱ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ደንበኛ ሲጣራ ይገኛል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ ግን አክሲዮን ለመግዛት በሚነሣበት ጊዜ ዕውቀቱን በሱቁ ደጃፍ ትቶት ሲሄድ ይታያል።

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራውን ጀምሮ፣ ከሁሉም አስቀድሞ የወጋገን ባንክ አክሲዮን ከተመዘገበበት ጊዜ ወዲህ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ ባሉት ቡና ቤቶች የሚሰማው ጥያቄ «ዛሬ ስንት ገባ?» የሚል ነው። «ስንት አክሲዮን ተሸጠ?» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ለዚህም ምክንያት አይታጣለትም፤ በ1967 ዓ.ም. የግል ድርጅቶች ከተወረሱ በኋላ አገሪቱ ያለ አክሲዮን ገበያ ብዙ ዘመን ኖራለችና፣ የባንክ አክሲዮን ሲሸጥና ሲለወጥ ዋጋው ከአፍ ወደ አፍ ይነገር ነበር እንጂ ብዛቱ ለሕዝብ አይገለጥም ነበር።

ብዛት የሚናገረውን ለማወቅ የኢትዮ ቴሌኮምን ሽያጭ ማስታወስ ይበቃል። በ2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር ቀርቦ የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለአንድ ሰው የተወሰነ ገደብ መኖሩ እርግጥ ነው። ሆኖም ዋጋው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 300 ብር ስለ ነበረ፣ ስለ ገዢው ፍላጎት አንዳች ነገር የነገረው ብዛቱ ብቻ ነው።

በውጭ አገር ይህ ነገር ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጆሴፍ ግራንቪል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዋጋ በወጣበት ቀን የተሸጠውን ብዛት እየደመሩ፣ በወረደበት ቀን የተሸጠውን እየቀነሱ መዝገብ መያዝን አስተማረ። ዋጋው እየወጣ ድምሩ ካልተከተለው፣ ዋጋው ሳይመለስ አይቀርም ተብሎ ይጠረጠራል።

መዝገቡ ግን ትንቢት አይደለም። በኒውዮርክ ገበያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1929 በአንድ ቀን ከ16 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን ተሸጠ። ይህን ያህል ከተሸጠ እንግዲህ ሻጭ አልቋል ብሎ የገዛ ሰው እስከ 1930 ጸደይ ድረስ መጠነኛ ትርፍ አየ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋጋው እስከ ጁላይ 1932 ድረስ ቍልቍል ወረደ። በመጨረሻው የውድቀት ቀን፣ በጁላይ 8፣ የተሸጠው አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ዋጋው መነሣት የጀመረው ገበያው ጭር ካለ በኋላ ነው።

የአዲስ አበባው ገበያ ገና ለጋ ስለ ሆነ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ባለ አክሲዮን ለልጁ ሠርግ ወይም ለቀረጥ ገንዘብ ቸግሮት ብዙ ቢሸጥ፣ የዚያ ቀን ብዛት የሚናገረው ስለ ሰውዬው ችግር እንጂ ስለ ባንኩ አይደለም። ስለዚህ የአንድ ቀን ቍጥር ይዞ ከመሮጥ፣ ያው አክሲዮን ባለፉት ሳምንታት ምን ያህል ይሸጥ እንደ ነበር ማመዛዘን ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ይህ የሚያስፈልገው የዕቃ መግዣውን ገንዘብ በአክሲዮን ላይ ለሚያውል አስመጪ ነው። በቀን 200 አክሲዮን ብቻ በሚሸጥበት ገበያ 10,000 የያዘ ሰው፣ ገዢ ሁሉ ከእርሱ ብቻ ቢገዛ እንኳ ለመጨረስ 50 የገበያ ቀን ይፈጅበታል። በዚያ መካከል ኤልሲው የሚከፈትበት ቀን ያልፋል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈው ዋጋም ዕቃውን ከጅቡቲ አያወጣለትም።

ጋዜጣና ሬዲዮ የአክሲዮን ዋጋ ሲያስታውቁ የተሸጠውን ብዛት ከጎኑ ሊያሰሙ ይገባል። አገናኙም ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ያለፉትን ሳምንታት ብዛት ዘርዝሮ እንዲያሳይ መጠየቅ የነጋዴው ፈንታ ነው።