የመሪ አፍ፥ የተከታይ ዱላ

ከየካቲት 1957 እስከ 1968 ዓ.ም. ያለው ዘመን 11 ዓመት ብቻ ነው። በየካቲት 1957 የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲወጡ ቃላቸው የሰላ ነበር፤ ሆኖም የተሰነዘረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ይኸውም በመሬት ይዞታው ሥርዓት ላይ። በ1968 ግን ከዚያው የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፥ በአንድ ዶርም ያደሩ፥ አንዱን መጽሐፍ በየተራ እየተቀባበሉ ያነበቡ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን «ባንዳ»፥ ሌላው ወገን «አናርኪስት» እየተባባሉ ይጠራሩ ነበር። የተማሪ ማኅበር ልሳን የምናዘጋጅ ሁሉ የእነዚያ ተማሪዎች ወራሾች ነን ማለት እንወዳለን። እንግዲያውስ ውርሱን ስንቆጥር ይህን ሁለተኛውን ክፍል መዝለል አይገባንም።

ለመሆኑ ኢሕአፓና መኢሶን በምን ተለያዩ? ሁለቱም በማርክስና በሌኒን ትምህርት የሚምሉ ነበሩ። ሁለቱም መሬት ለአራሹ ብለዋል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የተፈጸመው የሁለቱም ምኞት ነበር። ስለ ብሔረሰቦች መብትም ሁለቱም ጽፈዋል። ትልቁ ልዩነታቸው ወታደሩን የሚመለከት ነበር። ኢሕአፓ ሥልጣን ውሎ ሳያድር ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ አለ፤ መኢሶን ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እየሰጡ በዚያው ሕዝቡን ማንቃት፥ ማደራጀትና ማስታጠቅ ይሻላል አለ። ይህ ትንሽ ጥያቄ ነው አንልም። ዳሩ ግን ሰው ተቀምጦ ሊከራከርበት የሚችል ጥያቄ ነው፤ በ1968 በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ ላይም ለጥቂት ጊዜ ክርክር ተካሂዶበታል።

የክርክሩን በር የዘጋው ስም ማውጣት ነው። ባንዳ በዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር አብሮ ወገኑን የወጋ ነው። ከባንዳ ጋር ሐሳብ የሚለዋወጥ የለም። «አናርኪስት» የሚለውም ቃል ከጋዜጣው ወጥቶ በቀበሌ ጥበቃ እጅ ሲገባ የፍልስፍና ስም መሆኑ ቀርቶ የሞት ወረቀት ሆነ። በመስከረም 1969 ከመኢሶን መሪዎች አንዱ የነበረው ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲከሰክሱ በሰልፉ ላይ የነበረው ሕዝብ የምን ምሳሌ መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሁለቱ ድርጅቶች አስቀድመው አንዱ ሌላውን በስም ገድለው ስለ ነበር ገዳዩ አዲስ ስም ፍለጋ አልደከመም። በነሐሴ 1969 ደግሞ ተራው የመኢሶን ሆነ፤ ድርጅቱ ኅቡዕ ገባ፥ መሪው ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ኋላ ተገደለ። በየመንገዱ የወደቁት ግን ከሁሉ በላይ ስለ ሂሳዊ ድጋፍና ስለ ጊዜያዊ መንግሥት አንድ ገጽ ሊጽፉ የማይችሉ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ።

መሪ ይህን የሚያደርገው ምን አግኝቶ ነው? እኛ እንደሚመስለን በቁጣ ብቻ አይደለም። የፈራ ተከታይ ሒሳብ አይጠይቅም። «ጠላት በር ላይ ቆሟል» የተባለ ሰው ስለ በጀቱ፥ ስለ ውኃው፥ ስለ ምግቡ ጥራት የሚጠይቅበት ጊዜ የለውም። ከዚህም በቀር የአንዱ ወገን ተሳዳቢ መሪ የሌላው ወገን ተሳዳቢ መሪ ረዳት ነው፤ አንዱ በጮኸ ቁጥር ሌላው «አላልኳችሁም?» ይላል። በመካከሉ አስቀድሞ የሚጠፋው በየቤቱ ያለው ለዘብተኛ ሰው ነው፤ እርሱ «ወላዋይ» ይባላል፥ ዝም ይላል ወይም ይወጣል።

ይህ ዘዴ ሆን ተብሎ የሚሠራበት መሆኑን ለማየት አሜሪካን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኒውት ጊንግሪች ይመሩት የነበረው ጎፓክ የተባለው የሪፐብሊካኖች ድርጅት ለዕጩዎቹ የቃላት ዝርዝር አደለ። ስለ ራሳቸው ሲናገሩ የሚጠቀሙባቸው ያማሩ ቃላት በአንድ በኩል፥ ስለ ተቃዋሚዎቻቸው ሲናገሩ የሚጠቀሙባቸው ደግሞ በሌላ በኩል ተደርድረዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ «ከሃዲ»፥ «በሽተኛ»፥ «ሙሰኛ» የሚሉት ይገኙባቸዋል። ዕጩው ስለ ግብር ይሁን ስለ ትምህርት ቤት ቢናገር ልዩነት የለውም፤ ቃሉ ተዘጋጅቶለታል። መሪውም አልከሰሩም። ፓርቲው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1994 ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን አሸነፈ፤ እርሳቸውም አፈ ጉባኤ ሆኑ። የከሰረው ሌላ ነው፤ ከ1995 ወደ 1996 በተሻገረው የበጀት እልህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 21 ቀን ተዘጉ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱም ፓርቲዎች ከተቃዋሚ ጋር መስማማት እንደ ክህደት እየተቆጠረ ሄደ። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2021 በምርጫ የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሰልፈኛውን «ታገሉ» ብለው ከሰደዱ በኋላ ሕዝብ የምክር ቤቱን መስኮት ሰብሮ ሲገባ ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ጥርስ ያወጣው ዴሞክራሲ እንዲህ ከሆነ ገና ድድ ያለው ምን ይሁን?

የኛን በ1997 አይተነዋል። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርቲዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ ገበሬው ሳይቀር በሬዲዮ አዳመጠ። ነገር ግን ክርክሩ ሳያልቅ የገዥው ፓርቲ መሪዎች ቅንጅትን በሩዋንዳ ሕዝብ ከጨፈጨፈው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሉት፤ ከተቃዋሚዎቹም መድረክ የትግራይን ተወላጆች የሚያስፈራራ ንግግር ተሰማ። ከምርጫው በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት ቆጠረ። ተፎካካሪን ከጨፍጫፊ ጋር ያመሳሰለ መንግሥት በድምፅ ቢሸነፍ ሥልጣኑን እንዴት ሊያስረክበው ይችላል?

ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበን ግን ይህችው የሐይቅ ዳር ከተማችን ናት። በሰኔ 2010፥ ሰው ቂሙን ሽሮ አዲስ ዓመት በሚቀበልበት በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፥ በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ስንት ዓመት በአንድ አጥር ውስጥ የኖሩ፥ በአንድ ገበያ የተገበያዩ ጎረቤቶች ናቸው። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ከተማዋ መጥተው የሲዳማና የወላይታን ጨምሮ የዞን አስተዳዳሪዎች ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ጠየቁ፤ እነርሱም ለቀቁ። የተባለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ነገሩ የጎረቤቶች ጠብ ብቻ ቢሆን ኖሮ አስተዳዳሪዎቹን ልቀቁ ማለት ለምን ያስፈልግ ነበር?

በሚቀጥለው ዓመት የሆነው የበለጠ ያስተምራል። ሲዳማ ክልል የመሆን ጥያቄውን በሐምሌ 2010 በዞኑ ምክር ቤት አጽድቆ አቅርቦ ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ደግሞ ሕዝበ ውሳኔው ጥያቄው በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲደረግ ያዛል። ዓመቱ ሲሞላ ቀን አልተቆረጠም ነበር። በአንድ በኩል ክልሉን በራሳችን እናውጃለን የሚል ድምፅ፥ በሌላው በኩል ይህን አንታገሥም የሚል ማስፈራሪያ ተሰማ። ሐምሌ 11 ቀን 2011፥ ወጣቱ በቁጥር «11/11/11» ብሎ የጠራው ቀን፥ ደረሰ፤ በሐዋሳና በሲዳማ ወረዳዎች ደም ፈሰሰ፥ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። ከአራት ወር በኋላ ኅዳር 10 ቀን 2012 ያው ሕዝብ ስለዚያው ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕሎች ነበሩ፤ ክልልነትን ለሚሻ ሻፌታ፥ በነበረው ክልል መቆየትን ለሚሻ ጎጆ። (ምልክቶቹን የመረጠ ሰው ጥሩ አድርጓል እንላለን፤ ሻፌታም ጎጆም ማንንም አያስፈራም።) ከመቶ 98.5 የሚሆነው ሻፌታን መረጠ፤ ቀኑም በሰላም አለፈ። በሰኔ 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ።

እንግዲህ በሐምሌና በኅዳር መካከል ሕዝቡ አልተለወጠም፤ ጥያቄውም አልተለወጠም። የተለወጠው ሁለት ነገር ነው፤ ለጥያቄው የታወቀ ቀን ተቆረጠለት፥ በሁለቱም ወገን ያሉ መሪዎችም ዛቻውን ትተው ስለ ድምፅ አሰጣጡ መናገር ጀመሩ። «ጥፋቱ የንግግር ሳይሆን የመዘግየት ነው» የሚለን ይኖራል። ግማሹን እንቀበላለን። ሕጋዊ ጥያቄን ሳይመልሱ ማቆየትም የጠብ አጫሪ መሪ ሥራ ነው፤ የሚጮኸው መሪ ነዳጁን የሚያገኘው ከሚዘገየው መሪ ነውና።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ እዚሁ አጠገባችን መሆኑ ነው። በሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ነገር ሲታይ «አፊኒ» ይባላል፤ «ሰምታችኋል ወይ?» ማለት ነው። ነገሩ ሳይሰማ ፍርድ የለም። በዚህች ከተማ ስንት ዓመት የተማርን ሰዎች ይህን ቃል በስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ተጽፎ ካላየነው በቀር አለማወቃችን ያስገርማል።

ከ2013 ጀምሮ የሆነው ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ስለዚህ ባጭሩ እንለፈው። ጦርነቱ ሲነሣ ከወዲህ «ጁንታ»፥ ከወዲያ «ፋሺስት» ተባለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሁለቱ ወገን ተወካዮች በፕሪቶርያ ፈርመው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ መልካም አደረጉ። ነገር ግን በየግቢው በትውልዱ ብቻ «ጁንታ» ተብሎ ዶርሙን የለወጠ፥ በካፌ ለብቻው የበላ ተማሪ የሚፈራረመው ከማን ጋር ነው? መሪ ቃሉን በአንድ ፊርማ ይመልሳል፤ ተከታዩ ጋ የደረሰው ቃል ግን አይመለስም።

«ታዲያ ተለሳልሳችሁ ተናገሩ ልትሉን ነው?» ለሚለን መልሳችን አይደለም የሚል ነው። የተማሪ ማኅበር ለመታገል የተቋቋመ ነው። የ1957ቱ ተማሪዎች ለስላሳ አልነበሩም። አስተዳደሩ ሲበድል በዳይ ነው እንበል፤ የምግቡ በጀት የት ገባ ብለን በአደባባይ እንጠይቅ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ «ይህ ሥራ ስሕተት ነው» የተባለ ሰው ሊመልስ ይችላል፤ «አንተ ጠላት ነህ» የተባለ ሰው ግን የሚመልሰው ቃል የለውም፥ ዱላ ካልሆነ በቀር።

ይህን ሁሉ ያነሣነው የማኅበራችን የመሪዎች ምርጫ ስለ ቀረበ ነው። ግቢያችን ከአገሪቱ ከየማዕዘኑ የመጣ ተማሪ የሚኖርበት ነው፤ አንድ ዕጩ ድምፅ ለመልቀም ሲል የአንዱን ብሔር ወይም የአንዱን ቡድን ስም በክፉ ቢያነሣ ወሬው ማታውኑ ዶርም ለዶርም ይዞራል። ስለዚህ የዚህ ልሳን አዘጋጆች ሦስት ነገር ወስነናል። ተፎካካሪውን በሥራው ሳይሆን በትውልዱ ወይም በተለጠፈ ስም የሚጠራ ጽሑፍ፥ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ፥ አናትምም። ተፎካካሪውን የሚነቅፍ ዕጩ በመጀመሪያ የሚነቅፈውን ሐሳብ፥ ባለ ሐሳቡ «አዎን፥ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መንገድ ጽፎ ያቅርብ፤ ነቀፋው ከዚያ በታች ይታተማል። ለተነቀፈውም በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ላይ ያንኑ ያህል ቦታ እንሰጣለን። የስቴንስል ወረቀት ውድ ስለሆነ ከሁለት ገጽ የበለጠ ጽሑፍ መቀበል አንችልም፤ ዕጩዎች ጽሑፋቸውን በሚነበብ እጅ ጽፈው እስከ መጪው ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ።