ቀዝቃዛ አየር ለአንዱ፣ ጭስ ለሁሉም

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ቮልስ ግን ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳና ትታያለች። አንድ ወዳጄ ታዲያ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ሰሞኑን ኤሲ አስገጠመላት።

«ምነው? ከተማችን እንደሆነ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ነፋሱ አልበቃህ አለ?» አልኩት። «ሙቀት ሸሽቼ አይደለም፤ መስታወት መክፈት አቅቶኝ ነው» ሲል መለሰልኝ። ከፊት ለፊቱ የሚሄደው አሮጌ ሚኒባስ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ሸሽቶ መስታወቱን ዘጋ፤ ሲዘጋ ታፈነ፤ ሲታፈን ቀዝቃዛ አየር ገዛ። ከምክንያቱ አንጻር ወዳጄን መንቀፍ አይቻልም። ውጤቱን ግን እንመርምር።

የቮልስ ሞተር በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። የ1300 ሲሲው ጉልበት 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን፣ በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድላል። ኤሲው ደግሞ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው በዚያው ሞተር ቺንጋ ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጨነቃል፤ ተጨማሪ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ተጨማሪ ጭስ ይለቃል። ዲናሞውም በአብዛኛው መለወጥ ይኖርበታል። ጋዙም የራሱ ጣጣ አለው። የጥንቱ አር 12 የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከምርት እንዲወጣ ተደረገ። የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን ባይነካም፣ ምድርን በማሞቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይበረታል፤ በደንብ ካልተገጠመ ቱቦም እያፈተለከ ይወጣል።

እንግዲህ ወዳጄ ከጭስ ለመሸሽ ጭስ ጨመረ። ከኋላው ያለው ሾፌር ደግሞ የእርሱን ጭስ ሸሽቶ መስታወቱን ይዘጋል። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የዘመናችን ጠባይ ነው። ውኃ ሲጠፋ ሮቶ እንሰቅላለን፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እናስነሳለን፤ አየሩ ሲበከል ኤሲ እናስገጥማለን። የጋራ ችግራችንን በየግላችን ገንዘብ እንገላገላለን፤ ገንዘብ የሌለው በአስፋልቱ ዳር ቆሞ ታክሲ እየጠበቀ የሁላችንንም ጭስ ይስባል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይህ ነው።

በእርግጥ ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ለሚነዳ ሰው ኤሲ ቅንጦት አይደለም። የሐረር አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎችም ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ቢወርዱ ሾፌሮቻቸውም ሆኑ ተሳፋሪዎቻቸው ቀዝቃዛ አየር ቢያገኙ ደስ ይለኛል። የምከራከረው በማቀዝቀዣው ላይ ሳይሆን፣ ማቀዝቀዣ የሚያስገዛንን ጭስ ዝም ብለን በመቀበላችን ላይ ነው።

መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ሁለቱም በር ላይ የሚቆሙ ሕጎች ናቸው፤ አስቀድሞ የገባውን አይነኩም። እንዲያውም አዲስ መግዛት ያልቻለ አሮጌውን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የጭስ ማውጫውን በእውነት የሚፈትሽ፣ በጉቦ የማይታለፍ ይሁን፤ ሞተሩን ለሚያሳድስ ባለንብረትም ማበረታቻ ይታሰብለት። ያን ጊዜ ወዳጄ ኤሲውን አጥፍቶ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ እግዜር በነፃ የሰጠንን የእንጦጦ ነፋስ ይቀበላል።

ቸር እንሰንብት።