የጋዜጠኝነት ዲግሪ ስንት ያወጣል?

በዚህ ሰሞን በመኝታ ክፍሎቻችንም ሆነ በሻይ ቤቱ ደጃፍ አንድ ወሬ በዝቷል። ይኸውም ከመካከላችን አንዳንዶች የመምህርነቱን ሥልጠና አቋርጠው ጋዜጠኝነት ለመማር ማሰባቸው ነው። ምክንያታቸው ሲጠየቅ «ጋዜጠኛ ይከበራል፣ ደመወዙም ከመምህር ይሻላል» ይላሉ። ክብሩን ለጊዜው እንተወው። ደመወዙ ግን በሒሳብ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ እስቲ እርሳስና ወረቀት ይዘን አብረን እናስላው።

ብዙዎቻችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያስተምር ይመስለናል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን የወጪ መጋራት የሚባል አሠራር መጥቷል። ደንቡ ሲወጣ ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ፣ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እንዲከፍል ተደንግጓል። በዚያው ደንብ መምህር የሚሆን ሰው ዕዳውን በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድ ተቀምጦለታል። የጋዜጠኛው ዕዳ ግን ከደመወዙ ነው። በግል ኮሌጅ የሚማረውማ ገና ሲመዘገብ ጀምሮ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ትልቁ ወጪ ገና አልተነካም። ለሳሙናው፣ ለፎቶ ኮፒው፣ ለመሳፈሪያውና ለስልክ ካርዱ ከቤት በወር 1,500 ብር ይላክለታል እንበል። በዓመት 10 ወር ቢቆጠር 15,000 ብር፣ በአራት ዓመት 60,000 ብር ይሆናል። አንዲት ላም የምትሸጥበትን ቤት እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችንም ከዚያው ቤት ነን። በዚህ ላይ እኛ ተመርቀን ደመወዝ ስንቆጥር እሱ ገና ደብተር ተሸክሞ ይመላለሳል። ያላገኘው ደመወዝም ወጪ ነው፤ ይህን ግን የሚቆጥር ሰው አላየንም።

ታዲያ ሲመረቅ ምን ይጠብቀዋል? የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎችን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው መልሱን አያጣውም። ለሪፖርተር ወይም ለሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ «በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ ሙያ» እያለ ይቀጥላል። እንግዲህ ያ «ወይም» የምትለዋ ቃል ናት የአራት ዓመቱን ዋጋ የምታወርደው። ሐኪም ለመሆን የሕክምና ትምህርት የግድ ነው፤ ለጋዜጣ መጻፍ ግን ለጻፈ ሁሉ ክፍት ነው። ጳውሎስ ኞኞ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ትምህርት ይዞ የአዲስ ዘመንን አንባቢ በ«አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምዱ ሲያነጋግር ኖሯል።

«በዓሉ ግርማስ?» የሚለን አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓሉ ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ሠርቷል፤ የመነንም የአዲስ ዘመንም አዘጋጅ ሆኗል። ዳሩ ግን ወደ አሜሪካ ከመሄዱ በፊት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጋዜጣ ያዘጋጅ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ዲግሪው ያገኘው የሚጽፍ ሰው ነው።

ስለ ደመወዙ አንድ ነገር እንጨምር። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ደመወዝ በእርከን ነው፤ ከእኛው ብዙም የማይለይ መሰላል አለው። በግሉ ዘርፍ ደግሞ ነገሩ እንደ ባለቤቱ ኪስ ነው። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ ስንትና ስንት ጋዜጣ ተከፈተ፤ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙው ተዘጋ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የመጽሔቶች ተራ ሆነ። ጋዜጣው ሲዘጋ ደመወዙም አብሮ ይዘጋል። በእርግጥ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤትም እንደሚዘጋ፣ መምህርም ያለ ደመወዝ እንደሚከርም አይተናል፤ ስለዚህ መምህርነትን ከነፋስ የተከለለ ቤት ነው ብለን አንዋሽም።

የገቢው ማነስ ሌላም መዘዝ አለው። ስብሰባ የጠራው ክፍል ለጋዜጠኛው የውሎ አበል ሲከፍል ይታያል። አበሉን ፈርሞ የወሰደ ሪፖርተር ስለ ስብሰባው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ሙያውን የሚወድ ሰው ይህን ሳይመረምር ቢገባበት በኋላ የሚጎዳው ኪሱ ብቻ አይሆንም።

እኛ ማንም እንዳይሄድ አንከለክልም። ሆኖም መጻፍ የሚወድ ጓደኛችን ቢማር የሚሻለው የሚጽፍበትን ነገር፣ ማለትም ሕግን፣ ምጣኔ ሀብትን፣ ጤናን ወይም እርሻን ነው እንላለን። የአጻጻፉን ሙያ እየሠራ ይደርስበታል። ሥልጠናውን ለማቋረጥ የቆረጠም ቢሆን ከመሄዱ በፊት ሲገባ የፈረመውን ውል እንደገና ያንብበው፤ ያልገባውን መምህሮቻችን ያስረዱታል። እስከዚያው ግን የዚህ ጋዜጣ የዜና ዓምድ ጸሐፊ አጥቶ ሁለት እትም ባዶውን ወጥቷል። ጽሑፍ እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ እንቀበላለን፤ አበል የለውም።